የዋጋ ወሬ አታንሱ፦ ሰውን ወደ ነፃ ሶፍትዌር ለማምጣት

ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰውን ወደ ነፃ ሶፍትዌር (ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያስተካክለውና እንዲያካፍለው ወደተፈቀደ ፕሮግራም) ማምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የዋጋ ወሬ አታንሱ። እዚህ ክራክ የተደረገው (ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራው) ፕሮግራም ሁሉ በፍላሽ ይዞራል። "ይሄ እኮ አያስከፍልም" ስትሉት "የኔስ መቼ አስከፈለኝ?" ይላችኋል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ቫይረስም አታስቀድሙ። አንቲቫይረስ አስጭኖ ይሄዳል።

ሰው ልብ የሚገባው የመብት ነገር ነው፤ እሱንም ጊዜውን ጠብቃችሁ አንሱት። አንዲት ጸሐፊ ላፕቶፗን ይዛ ትመጣለች። መጻፊያ ፕሮግራሙ በተገዛ ቁልፍ አክቲቬት ካልተደረገ አላጽፍ ብሏታል። ያኔ ጠይቋት፦ "እህቴ፣ ደብዳቤው ያንቺ፣ ላፕቶፑም ያንቺ። ታዲያ ከልካዩ ማነው?" መልስ አትስጧት፤ ታስብበት።

ቀጥሎ የነፃ ሶፍትዌርን ንቅናቄ የጀመረውን የሪቻርድ ስቶልማንን ታሪክ ንገሯት። አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ወረቀት እየያዘ ጃም የሚያደርግ ፕሪንተር ነበር። ላስተካክለው ብሎ የፕሮግራሙን ኮድ ቢጠይቅ ከለከሉት። እንዲህ ያለው ነገር አንገብግቦት በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን ነፃ ሲስተም የመሥራት ዕቅዱን አወጀ። ጃም ያደረገ ወረቀት ስትጎትት የዋለች ጸሐፊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ነፃ ሶፍትዌር የሚሰጠው መብት አራት ነው፦ ለፈለጉት ሥራ ማዋል፣ ውስጡን ከፍቶ ማየትና ማስተካከል፣ ለሌላ ማካፈል፣ ያስተካከሉትንም ማካፈል። ወሎ ላይ ሦስተኛውን ጠበቅ አድርጉት። ጎረቤት ሳይጠራ ቡና በማይጠጣበት አገር፣ ለጓደኛ ኮፒ መስጠትን የሚከለክል ውል ለሰው ይከብዳል። ይሄኛው ግን ገልብጠሽ ስጪ ይላል፤ ማንም ሌባ አይልሽም።

እሺ ስትል ዊንዶውሱን ወዲያው አታጥፉ። መጀመሪያ ነፃዎቹን፣ መጻፊያውን ሊብሬኦፊስንና የኢንተርኔት ማሰሻውን ፋየርፎክስን፣ እዚያው ላይ ጫኑላት። እነሱን ስትለምድ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ሚንትን ከፍላሽ አስነሱላት፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ መሞከር ይቻላል። የአማርኛ ኪቦርዱን አስተካክላችሁ አንድ ደብዳቤ ራሷ ትጻፍበት፣ ፕሪንትም ታድርግ። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደል ከሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ካሏት ቀድማችሁ ክፈቷቸው። ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ዝብርቅርቁ ይወጣል።

ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ከመጣ እውነቱን ንገሩት፤ ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክሱን ጎን ለጎን ጫኑለት። ደብቃችሁ ብትጭኑበት በማግስቱ "መልሱልኝ" ብሎ ይመጣል፤ ሁለተኛም አይሰማችሁም።

ስልካችሁን ስጧቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መደወላቸው አይቀርም፤ አንሱ።