ክፍል ሁለቱ ያዋጣል? የገዳይ ሮቦት ፊልም አይቶ አስተያየት አሰጣጥ

እናቴ ደሴ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበራት። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አሥራ አራት አግዳሚ ወንበር። መግቢያው 1 ብር ነው። በ1987 ዓ.ም. የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በሩ ላይ ተቀምጬ ብር የምቀበለው እኔ ነኝ።

ያኔ ማስታወቂያችን ከውስጥ የሚወጣው ሰው ነበር። ውጭ የቆሙት ይይዙትና «ያዋጣል?» ይሉታል። የሚመልሰው መልስ ቀጣዩን ዙር ይሞላዋል፣ ወይም ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ አስተያየት ሲሰጥ የሰማሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። የትኛው አስተያየት ሰው እንደሚያስገባ፣ የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚቀር በዓይኔ አይቻለሁ።

የገዳይ ሮቦት ፊልም የሆነውን «ተርሚኔተር» ክፍል ሁለትን ያሳየን ቀን የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ሰው «አሪፍ ነው»፣ «ቀሽት ነው» እያለ አለፈ። ውጭ ያሉት ንቅንቅ አላሉም። አሪፍ ትናንትም ተብሏል፣ ከትናንት ወዲያም ተብሏል። ቆይቶ አንድ ሊስትሮ ልጅ ወጣ። «ፖሊሱ በብረት ፍርግርጉ መሃል እንደ ውሃ አለፈ። ሽጉጡ ግን ብረቱ ላይ ተያዘበት» አለ። እጁን ጠምዘዝ አድርጎ ፖሊሱ ሽጉጡን እንዴት እንዳስለቀቀው አሳያቸው። ወዲያው ተሰለፉ።

የመጀመሪያው ሥራችሁ ይኸው ነው። ፊልሙ እንዳለቀ፣ የማንንም ሐሳብ ሳታነቡና ሳትሰሙ፣ ዓይናችሁ ውስጥ የቀረውን አንድ ነገር ጻፉ። «ተኩሱ ያስፈራል» አትበሉ። ያያችሁትን በሉ። ማን ምን አደረገ? እጁ የት ነበር? አንድ ትዕይንት በደንብ ከተነገረ አሥር ቅጽል ይተካል።

ቀጥሎ የሮቦቱን ሕግ ፈልጉ። እኔ እንዲህ ዓይነት ፊልም ስመዝን ከሁሉም በላይ የምቆምበት ቦታ ይህ ነው። በቪዲዮ ቤታችን አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እንግሊዝኛ ስለሚችል በነጻ ይገባል፤ በምትኩ ዋና ዋናውን ጮክ ብሎ ይተረጉምልናል። አዲሱ ሮቦት፣ ያ ፖሊስ መስሎ የሚሄደው፣ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚነገርበት ቦታ ሲደርስ እንዲህ አለ፦ «የነካውን ሰው መምሰል ይችላል። ቢላ መሆን ይችላል። ሽጉጥ ወይም ቦምብ መሆን ግን አይችልም። እነዚያ ውስጣቸው የሚንቀሳቀስ ነገር አለ።» በዚህች ሕግ ምክንያት የፍርግርጉ ትዕይንት ልክ ሆነ። ሰውነቱ ፈሳሽ ብረት ነው፣ ያልፋል። ሽጉጡ ግን የራሱ አካል አይደለም፤ ተራ ሽጉጥ ነው፣ ይቀራል። ሊስትሮው ሕጉን በቃል አልተናገረም። ግን ያየው ሕጉ ሲሠራ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ ሲጀምር ሮቦቱ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በሁለት መስመር ያዙ። መጨረሻ ላይ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ሕጉን ጠበቀ? ወይስ ደራሲው ሲጨንቀው አዲስ ኃይል ፈጠረለት? ብዙ ተከታታይ ፊልም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሮቦቱ ሁሉን ከቻለ ፍርሃቱ ይጠፋል። ማምለጫ እንደሌለ ካወቅን ደግሞ መሮጡን ማየት ያደክማል።

ስለ ኮምፒውተር ሥራው ስታወሩ ረጋ በሉ። «ግራፊክሱ ጉድ ነው» ማለት ቀላል ነው። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ነበር፤ አራት ኦስካርም አግኝቷል፣ አንዱ በቪዥዋል ኢፌክት (በልዩ የምስል ብልሃት)። ከሁለት ሰዓት ከሩብ በላይ ከሚሆነው ፊልም ውስጥ ግን በኮምፒውተር የተሠራው ምስል አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው የሚያስገርመው ምስል በሜካፕና በአሻንጉሊት ባለሙያው በስታን ዊንስተን ቡድን በእጅ የተሠራ አሻንጉሊትና ሜካፕ፣ ወይም የካሜራ ብልሃት ነው። በፊልሙ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ የቡና ማሽን አጠገብ አንድ ጥበቃ ራሱን የሚመስል ሰው ፊት ለፊቱ ያያል። እናቴ ሻይ ይዛ ስትገባ አየችና «እነዚህ እኮ መንታ ናቸው» አለች። ቤቱ ሁሉ ሳቀባት። ከዓመታት በኋላ ሳነብ እውነትም መንታ ወንድማማቾች ናቸው። መጨረሻ አካባቢ የፊልሙ ዋና ሴት ሣራ ኮነር ሁለት ሆና የምትታይበት ቦታ ላይም፣ ሣራን ሆና የተጫወተችው የሊንዳ ሃሚልተን መንታ እህት ሠርታለች። እናቴ በሕይወት ሳለች ይህን ስነግራት በጣም ደስ አላት። እናንተም የገረማችሁን ቦታ ለዩና እንዴት እንደተሠራ ፈልጉ። ያኔ አድናቆታችሁ የሚያርፍበት ሰው ያገኛል።

ክፍል ሁለትን ለመመዘን ክፍል አንድን ማየት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. የ1984ቱን ያላየ ሰው በሁለተኛው ሣራ ኮነርን ሲያይ አንዲት ጠንካራ ሴት ብቻ ያያል። ያየ ሰው ግን አስተናጋጇን ያስታውሳል። ያቺ ልጅ አሁን በሆስፒታል ክፍል ውስጥ አልጋዋን አቁማ፣ ብረቱ ላይ ተንጠልጥላ ራሷን ወደ ላይ ትስባለች። በመካከሉ ምን እንደደረሰባት ማንም ሳይነግረን ከክንዷ እናነባለን። ተከታታይ ፊልም ስታዩ «ይህ ሰው ካለፈው ምን ይዞ መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምንም ካልያዘ፣ ያው ፊልም ድጋሚ ተሸጦላችኋል፤ ይህንንም ሳትፈሩ ጻፉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ምስጢር አታውጡ። በክፍል አንድ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ገዳዩ ነው። በክፍል ሁለት የሣራን ልጅ ጆንን ሊያድን ይመጣል። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ይህን በገበያ አዳራሹ ጀርባ ባለው ኮሪደር ውስጥ እስኪገናኙ ድረስ ይደብቀዋል። አንዱ ጥቁር ቆዳ ጃኬት የለበሰ ግዙፍ ሰው፣ ሌላው ቀጭን ፖሊስ። ሁለቱም ልጁን ይፈልጋሉ። የአሜሪካን ተመልካች ግን ትሬለሩ አስቀድሞ ነግሮታል። እኛ ደሴ ላይ ትሬለር አላየንም። አርኖልድ መሣሪያውን ከአበባው ሳጥን ሲያወጣ ሁላችንም ልጁ አለቀለት ብለን ነበር። ወደ ፖሊሱ ሲተኩስ የተነሳው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሰላሳ ዓመት ያለፈው ፊልም ስለሆነ ነው ዛሬ የምነግራችሁ። አዲስ ፊልም ሲሆን ግን እስከ የት እንደምትናገሩ አስቀድማችሁ ወስኑ። የእኔ ልክ የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ ያለፈውን ለመናገር ከተገደድኩ ከላይ አስጠነቅቃለሁ።

የተናደዳችሁ ጊዜ ደግሞ ንዴታችሁን መርምሩ እንጂ አትደብቁት። ከክፍል ሁለት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2009፣ በ2015 እና በ2019 ሌሎች ወጥተዋል። በ2019ኙ ሊንዳ ሃሚልተን ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመልሳለች፤ እኔ ለእሷ ስል ደስ እያለኝ ነው የከፈትኩት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሆነው ነገር ግን ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ምን እንደሆነ አልናገርም። እኔም ተቆጥቼ ነበር። በማግስቱ ወረቀት ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። የተቆጣሁት የምወደው ሰው ስለተነካ ነው? ወይስ ፊልሙ ያንን ጉዳት ከዚያ በኋላ ስላልተጠቀመበት? የመጀመሪያው ሐዘን ነው፣ ሁለተኛው ትችት ነው። ሁለቱንም መጻፍ ይቻላል፤ ብቻ አንባቢው የትኛው የትኛው እንደሆነ ይወቅ። የእኔ የመጀመሪያው ሆኖ አገኘሁት፣ እንደዚያው አድርጌ ጻፍኩ።

መጨረሻውን ለብቻው መዝኑት። እኛ ልጆች «አክተር አይሞትም» የሚል እምነት ነበረን። ክፍል ሁለት ሲያልቅ አርኖልድ ወደ ቀለጠው ብረት ሲወርድ ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ አለ። አውራ ጣቱ ብቻ ስትቀር አጠገቤ የነበረው ጋሪ ነጂ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ያን ቀን እናቴ ቀጣዩን ዙር ለማስገባት ሰውን ከወንበሩ ማስነሳት ከብዷት ነበር።

ፍርሃቱ ቤት ድረስ ተከትሏችሁ እንደሆነም አስተውሉ። በፊልሙ የዓለም ጥፋት ቀን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1997 ነው። ተርጓሚያችን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰው፤ ነሐሴ 23 ቀን 1989። ሁለት ዓመት ጠበቅነው። ቀኑ ሲደርስ ደሴን ጉም ሸፍኗት ነበር፤ እኔና የሰፈር ልጆች ደጅ ወጥተን ቀና ብለን ሰማዩን ስናይ አረፈድን።

ባለፈው ወር ክፍል ሁለትን ለእህቴ ልጆች በላፕቶፕ አሳየኋቸው። ሲያልቅ ከትንሿ ላይ «አሪፍ ነው» አልቀበልም አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ልጁ ሮቦቱን ሰው አትግደል አለው። እሱም እጁን አንስቶ ማለ። ከዚያ ጥበቃውን እግሩን በጥይት መታውና ‹አይሞትም› አለ። ቃሉን ጠበቀ፣ ግን ሰው አለማሳመምን ገና አልተማረም» አለችኝ። ታላቅ ወንድሟ ግማሹን በስልኩ ስለጨረሰ ያ ቦታ አምልጦታል። ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና «የት ጋ ነው?» አላት።