ካርማን ጊያን ለማደስ የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ሥራ ነው

ካርማን ጊያ ከታች ቢትል ነው፤ ከላይ ግን ሌላ መኪና። ሞተሩና ካምቢዮው የቮልስዋገን ቢትል ሲሆኑ፣ ቦዲውን የቱሪኑ ጊያ ነድፎት የኦስናብሩኩ ካርማን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1955 እስከ 1974 ሠርቶታል። አዳማ ላይ ቢትል የሚያውቅ ጥሩ መካኒክ ብታገኙ እንኳ ቦዲው እንግዳ ይሆንበታል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት መጽሐፍ ያስፈልጋል፦ የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ፣ የዕቃ ካታሎግ እና የቦዲ ሥራ መጽሐፍ።

መጽሐፎቹን ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን ዓመት አረጋግጡ፤ ሊብሬው ላይ ባለው ብቻ አትተማመኑ። የኋላውን መቀመጫ አንሱና መሀል ለመሀል በሚያልፈው ሻንሲ ላይ የተመታውን ቁጥር ጻፉ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ 14 ብሎ ይጀምራል፤ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ነው። 146 ካለ የ1966 ሞዴል ነው። የፋብሪካው ሞዴል ዓመት በኦገስት ስለሚጀምር፣ በኦክቶበር 1965 የተሠራ መኪናም የ1966 ሞዴል ይባላል። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር አለ፤ በኤፍ (F) ከጀመረ 1300፣ በኤች (H) ከጀመረ 1500 ሞተር ነው። ሞተር በዕድሜ ብዛት ስለሚቀየር ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። ያኔ የሞተሩን ሥራ በሞተሩ ቁጥር፣ የቀረውን በሻንሲው ቁጥር አንብቡ።

በጥገና መጽሐፉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእትሙ ነው። የቆዩ እትሞች ለ1300 እና ለ1500 ሞተር የቫልቭ ክፍተት 0.10 ሚሊሜትር ይላሉ፤ ፋብሪካው ግን በኋላ ወደ 0.15 ከፍ አድርጎታል። የምትሠሩት በ0.15 ነው፤ ሞተሩም ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ ይሁን። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል፤ ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ የሦስተኛው ሲሊንደር ነው፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ይጋርደዋልና። የፑንቲናው (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ) ክፍተት 0.40 ሚሊሜትር፣ የሞተር ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው።

ሌላው የመለኪያ ጉዳይ ነው። የጀርመን እትሞች የማጥበቂያ ኃይልን በሜትር ኪሎግራም ይሰጣሉ፤ 1 ሜትር ኪሎግራም 9.8 ኒውተን ሜትር ነው። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ባለ 10 ሚሊሜትር ፕሪጆኔሮ (በሞተሩ ቤት ላይ የተተከለው ብሎን) 3.2 ሜትር ኪሎግራም፣ ማለትም 31 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል። ይህ ለእጅ ትንሽ ስለሚመስል «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል አይጠፋም። የሞተሩ ቤት ግን ማግኒዥየም ነው፤ ጥርሱ ተነቅሎ ይወጣል። የቶርክ መፍቻ ከሌላችሁ ቴስታታውን አትግጠሙ።

ካታሎጉ ገንዘብ የሚያድነው በዕቃ ቁጥሮቹ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ይናገራሉ፦ 113 ቢትል፣ 141 እና 143 ካርማን ጊያ። አራተኛው አሃዝ ክፍሉን ያሳያል፤ 1 ሞተር፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። በ113 የሚጀምረውን አዳማም አዲስ አበባም ከቢትል ዕቃ ፈልጉ። በ141 ወይም በ143 የሚጀምረውን፣ ለምሳሌ የመስታወት ጎማ፣ ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው ሙሉ ቁጥሩን መጨረሻው ላይ ካለው ፊደል ጋር ላኩ። ፊደሉ ዕቃው መሻሻሉን የሚያሳይ ስለሆነ፣ ሲቀር የማይገጥም ዕቃ ሊመጣ ይችላል።

የቦዲውን መጽሐፍ ሳታነቡ በያጅ አታስነኩት። የፊት ፓራፋንጎው እንደ ቢትል በብሎን አይፈታም፤ ከቦዲው ጋር የተበየደ ሆኖ መጋጠሚያው በእርሳስ ተሞልቷል። እሳት ሲቀርበው እርሳሱ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። መጽሐፉ መጋጠሚያዎቹ የት የት እንዳሉ በሥዕል ያሳያል፤ ቦታዎቹን ላሜራው ላይ በጠመኔ አስምሩና ከዚያ ለበያጁ ስጡ።

ለኤሌክትሪኩ የዓመቱ የሽቦ ሥዕል ይበቃል። ለአሜሪካ የተሠራው ከ1967 ሞዴል ጀምሮ 12 ቮልት፣ ከዚያ በፊት 6 ቮልት ነው፤ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ።

የካርቡራተሩን ቁጥር ግን እንዳለ አትውሰዱ። መጽሐፉ የሚናገረው ለባሕር ጠለል አካባቢ ሲሆን አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ዋናውን ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ) 5 በመቶ ገደማ አሳንሱ፤ 125 ካለ 120 ሞክሩ። ከአዳማ ወደ ሞጆ ደርሳችሁ ተመለሱና ካንዴላዎቹን ፍቱ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካላቸው አሁንም ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆኑ አንሷልና ጂግለሩን ወደ ነበረበት መልሱ፤ ቡናማ ከሆኑ ልክ ነው።