«ቪጂላንስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል ለመጠቀም

«ቪጂላንስ» ነቅቶ መጠበቅን የሚገልጽ ስም ሲሆን ቅጽሉ «ቪጂላንት» ነው። ሥሩ ነቅቶ መቆየት ማለት የሆነ የላቲን ቃል ነው፤ የእኛም «ንቃት» ከእንቅልፍ ከመንቃት መውጣቱን ያስተዋለ ሰው ትርጉሙን አይረሳውም። ስለዚህ ቃሉን ለአፍታ መጠንቀቅን ሳይሆን፣ አደጋ ባይታይም እንኳ ሳይታክቱ መከታተልን ለመግለጽ ይጠቀሙበት፤ ሌሊቱን ሙሉ በር በሩን እያየ የሚያድር ዘበኛ «ቪጂላንት» ነው፣ ድንገት ኮሽታ ሰምቶ ብድግ ያለው ግን «አለርት» ቢባል ይሻላል። መድኃኒት ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የሚያስከትለውን ጉዳት መከታተል «ፋርማኮቪጂላንስ» ይባላል። ከሁሉ በላይ «ቪጂላንቴ» ከሚለው ጋር እንዳያምታቱት አደራ እላለሁ፤ እርሱ ያለ ሕግ ሥልጣን ራሱን ዳኛና ቀጪ ያደረገ ሰው መጠሪያ ስለሆነ፣ ትጉህ ጠባቂን በዚህ ስም መጥራት ስድብ ይሆናል።