ቴክሳስን በዳላስ ብቻ የሚለኩ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ብዙ ሐበሻ ቴክሳስን የሚያውቃት በዳላስና በሂዩስተን ነው። ዘመዱም ቤተ ክርስቲያኑም እዚያ ነዋ። ግን ግዛቷ ወደ 695,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። ምሥራቁ የጥድ ደን፣ ምዕራቡ በረሃና ተራራ ነው። ለአንዱ አካባቢ የሚሠራ ምክር ሌላው ጋ ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንዴም ሕይወት።

ስለ አፈሩ ሳይጠይቁ ቤት መግዛት። ወገኖቻችን በብዛት ቤት የሚገዙት በዳላስ ዙሪያ ስለሆነ ይህን አስቀድማለሁ። ከዳላስና ከአጠገቧ ከጋርላንድ ተነስቶ በኦስቲን በኩል ወደ ሳን አንቶኒዮ የሚወርደው መሬት ጥቁር ሸክላማ ነው፤ ልክ እንደ እኛ አገር መረሬ። ሲዘንብ ያብጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ይሰነጠቃል። ቤቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ መሬት ላይ በተነጠፈ ኮንክሪት ላይ ነው የቆመው። አፈሩ ሲሸሽ ማዕዘኑ ይሰምጣል። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ወይም አልዘጋ የሚል በር ካያችሁ፣ አዲሱ ቀለም አያታልላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ከፍላችሁ መሠረቱን መሐንዲስ ያየው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ አፈር ተንቀሳቅሶ ያመጣውን ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። ከገባችሁ በኋላም በደረቁ ወራት በቤቱ ዙሪያ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጎማ ዘርጉ። የአካባቢው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ጎርፍን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት። ሂዩስተን ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ስላለች ውሃው ይተኛባታል። በ2017 በሃርቪ ማዕበል ጊዜ በደቡብ ምሥራቁ አንዳንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። እዚያ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል፤ የፌዴራል መንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ዝናቡ ሲቃረብ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። ከኦስቲን በስተ ምዕራብ ያለው ኮረብታማ አገር ግን ሌላ ነው። ስስ አፈር በኖራ ድንጋይ ላይ ስለተኛ ዝናቡ አይሰርግም፤ በአንዴ ወንዝ ይሆናል። ሐምሌ 4 ቀን 2025 የጓዳሉፕ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ100 በላይ ሰው ገደለ፤ ካምፕ የገቡ ልጆችም ነበሩበት። ወንዝ ዳር ካደራችሁ የስልካችሁን ማስጠንቀቂያ አትዝጉ። ውሃ የሸፈነው መንገድ ላይ በፍጹም አትንዱ።

ርቀትን መናቅ። ኢንተርስቴት 10 ቴክሳስ ውስጥ ብቻ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከሳን አንቶኒዮ ወደ ኤል ፓሶ ስትነዱ ማደያው እየራቀ ይመጣል። ታንካችሁን ሙሉ፣ ውሃ ያዙ።

ብርድ የለም ብሎ መዘናጋት። ሰሜኑ የአማሪሎ ሜዳ በየዓመቱ በረዶ ያያል፤ ስለዚህ ይዘጋጃል። የሚጎዳው ያልለመደው ደቡብ ነው። በየካቲት 2021 ሚሊዮኖች መብራት ጠፋባቸው። ለመሞቅ ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሱ ሰዎች በጭሱ መርዝ ሞቱ፤ ሂዩስተን ውስጥ ወገኖቻችንም ነበሩባቸው። የጋራዡ በር ክፍት ቢሆን እንኳ ለመሞቅ ብላችሁ ውስጡ መኪና አታስነሱ፤ ከሰልም ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ዛሬውኑ መኝታ ቤታችሁ አጠገብ ስቀሉ።