ነጩ ነጠላ ለምን አመድማ ይሆናል? የካሜራ ብርሃን ልኬት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ውሎ ብዙ ፎቶ ያነሳ ሰው ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍታቸው፣ ቀን በዐይኑ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ የታየው ነጠላ አመድማ ሆኖ ያገኘዋል። ብዙዎች ጥፋቱን በካሜራው ወይም በሌንሱ ያሳብባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው ነጠላ ይሁን ከሰል ለይቶ አያውቅም፤ የሚለካው ከዚያ ነገር ተንጸባርቆ የደረሰውን ብርሃን ነው፤ ያንንም በተለምዶ 18 በመቶ ብርሃን ያንጸባርቃል ወደሚባለው መካከለኛ ግራጫ ለማስጠጋት ይሞክራል። ከዚህ በታች የምገልጻቸው አብዛኞቹ ችግሮች ከዚህ ጠባይ የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ማስተካከያ ከመንካት በፊት «መለኪያው ምን እያየ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግማሹን ሥራ ያቃልላል።

ነጭ ልብስ ግራጫ ሲሆን

ምክንያቱ ፍሬሙን የሞላው ነጭ መሆኑ ነው። መለኪያው «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ስለሚቀንስ፣ እኛ መልሰን መጨመር አለብን። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን የኤክስፖዠር (ፎቶው የሚያገኘው የብርሃን መጠን) ማካካሻ ቁልፍ ተጭነው +1 ላይ ያድርጉት፤ ነጩ ፍሬሙን ከሞላ እስከ +1.7 ሊደርስ ይችላል። የ1 ስቶፕ፣ ማለትም በማካካሻው ላይ የ1 ቁጥር፣ ጭማሪ ብርሃኑን በእጥፍ ስለሚያሳድገው በትንሽ በትንሹ መሄድ ይሻላል። በጠራራ ፀሐይ የካሜራው ስክሪን ስለሚያታልል በሂስቶግራሙ፣ ማለትም የፎቶውን ጨለማ ክፍል በግራ ብሩሁን በቀኝ በሚያሳየው ግራፍ፣ ይመሩ፤ ጉብታው ወደ ቀኝ ተጠግቶ የቀኙን ጠርዝ ሳይነካ ሲቀር ልኬቱ ደርሷል። ፎቶውን አጉልተው ሲያዩት የነጠላው ድርና ማግ መለየት አለበት፤ ድሩ ጠፍቶ ወረቀት የሚመስል ንጣፍ ብቻ ከቀረ ጭማሪው በዝቷል፤ በዚያ ቦታ የተቃጠለውን ዝርዝርም በኋላ በኮምፒውተር መመለስ አይቻልም።

ተቃራኒው ችግር የሚታየው ነጭ የለበሱ ካህን በጨለመው የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ሲነሱ ነው። አብዛኛው ፍሬም ጥቁር ስለሆነ መለኪያው ብርሃን ይጨምርና ልብሰ ተክህኖው ላይ ያለው የወርቅ ጥልፍ ይቃጠላል። እዚህ ማካካሻውን ወደ −1 ማውረድ ያስፈልጋል።

ፊት ሲጨልም

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የነጠላ ስህተት ልብስ ያበላሻል፣ የፊት ስህተት ግን ሰውየውን ያጠፋዋል። ለመስኮት ጀርባዋን ሰጥታ ቡና የምትቀዳ እናት ያስቡ። ከበስተኋላዋ ያለው የመስኮት ብርሃን መለኪያውን ስለሚቆጣጠረው፣ የዕጣኑ ጢስና የጀበናው አንገት በብርሃን ተከብበው ሲያምሩ የእርሷ ፊት ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መላውን ፍሬም የሚያመዛዝነው የልኬት ዘዴ፣ ኒኮን ማትሪክስ፣ ካነን ኢቫሉዌቲቭ የሚሉት፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የፍሬሙን ትንሽ ቦታ ብቻ ወደሚለካው ስፖት ልኬት ይለውጡና ትንሿን ክብ ፊቷ ላይ ያሳርፉ፤ ልኬቱን በመቆለፊያው ቁልፍ ይዘው ፍሬሙን ያስተካክሉ። በብዙ የካነን ካሜራዎች የስፖቱ ቦታ መሃል ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በኒኮን ግን የትኩረት ነጥቡን ስለሚከተል የራስዎን ካሜራ አስቀድመው ይፈትሹ።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ስፖቱ የነካውን ፊት ሁሉ ወደዚያው መካከለኛ ግራጫ ስለሚጎትት፣ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ከተፈጥሮው በላይ ፈዝዞ ይወጣል። ለቀይ ዳማ ፊት ልኬቱ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይበቃል፤ ለጠይም −0.7፣ ለጥቁር ደግሞ −1 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በሂስቶግራሙና በፊቱ ላይ ባለው አንጸባራቂ ቦታ፣ በተለይ በግንባርና በአፍንጫ ላይ፣ ማረጋገጥ ያሻል። በዚህ ልኬት መስኮቱ መቃጠሉ አይቀርም። እርሱንም ማትረፍ ከተፈለገ፣ ከካሜራው ጎን ጋቢ ወይም ነጭ ካርቶን ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ፊቷ መመለስ ፍላሽ ከማብራት የለሰለሰ ውጤት ይሰጣል።

ተከታታይ ፎቶዎች ብርሃናቸው ሲለያይ

ታቦቱን አጅቦ የሚጓዘው ሕዝብ ውስጥ ፀሐዩ ሳይለወጥ አንዱ ፎቶ ደምቆ ቀጣዩ ከጨለመ፣ የተለወጠው ብርሃኑ ሳይሆን ፍሬሙ ነው፤ አንዴ ነጭ ልብስ፣ አንዴ ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ገብቶበታል። መፍትሄው ማኑዋል፣ ማለትም ልኬቱን በራስ እጅ መወሰን ነው። በቀትር ጥርት ባለ ፀሐይ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 100 ላይ፣ የሌንሱ ቀዳዳ (አፐርቸር) ኤፍ 16 ከሆነ የሹተሩ ፍጥነት 1/125 ሰከንድ፣ ኤፍ 8 ከሆነ 1/500 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። አውቶ አይኤስኦ ሳይጠፋ ከቀረ ግን ካሜራው በጀርባ በኩል መልሶ ስለሚለዋውጠው ማኑዋሉ ትርጉም አይኖረውም።

በአዳራሽ ውስጥ በሸምበቆ መብራት ሲነሳ የሚታየው የብርሃን መለያየትና አግዳሚ መስመር ምንጩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል።

ሁሉም ፎቶ ከመጠን በላይ ሲደምቅ

በመጀመሪያ ትናንት የተጨመረው ማካካሻ ወደ ዜሮ መመለሱን ይመልከቱ፤ በብዙ ካሜራዎች ላይ ካሜራው ቢጠፋም ማካካሻው አይጠፋም። ቀጥሎ በቀትር በጣም ሰፊ በሆነ ቀዳዳ፣ ለምሳሌ ኤፍ 1.8 ላይ እያነሱ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ የሹተሩ ፍጥነት ከፍተኛው ጣሪያ ላይ ደርሶ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም እያለ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ካልሆኑ ሌንሱን ይፈትሹ። አንድ ግድግዳ በአፐርቸር ሞድ (ቀዳዳውን እርስዎ ሲመርጡ ሹተሩን ካሜራው በሚወስንበት) መጀመሪያ በሰፊው ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በኤፍ 11 ያንሱ። ጤነኛ ሌንስ ሁለቱን እኩል ያወጣቸዋል። በኤፍ 11 የተነሳው በጣም ከነጣ፣ ካሜራው ሹተሩን ቢያዘገይም ቀዳዳውን የሚያጠብቡት የሌንሱ ቅጠሎች ሳይዘጉ ቀርተዋል ማለት ነው። ካሜራውን አጥፍተው ሌንሱን ያውጡና የወርቅማ መገናኛ ነጥቦቹን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ችግሩ ከቀጠለ ቅጠሎቹ ዘይት ነክቷቸው ወይም ማንቀሳቀሻቸው ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በራስዎ ሳይፈቱ ለጠጋኝ ይስጡት፤ እስከዚያው ግን ሌንሱን በሰፊው አፐርቸር ብቻ መጠቀም ይቻላል።