ፖከር በሽምብራ ይጀመራል

የእህቴ ልጅ ቪዛው ተመቶለት በሚቀጥለው ወር ላስ ቬጋስ ይገባል። 22 ዓመቱ ነው። እኔ እዚያው ከተማ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አከፋፋይ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። ለእረፍት ደሴ ከመጣሁ ጀምሮ ጥያቄው አንድ ነው። «አክስቴ፣ በስልክ ፖከር ተጫውቶ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል አይደል?»

ይቻላል። አንተ ግን መጀመሪያ ትከፍላለህ፣ አልኩት። ተስፋ ቆርጦ ይተወኛል ብዬ ነበር። አልተወኝም። እናም ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ እናቴ ሳሎን ቁጭ ብለን ከሀሁ ጀመርን። ለእሱ ያልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ሕጉ። አሜሪካ ውስጥ በገንዘብ ለሚካሄድ የኦንላይን ፖከር ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ኔቫዳ እ.ኤ.አ. በ2013 ቀድማ ጀመረች። ኒው ጀርሲ፣ ዴላዌር፣ ፔንሲልቬንያ፣ ሚሺጋንና ዌስት ቨርጂኒያም ፈቅደዋል። ዕድሜህ 21 መሙላት አለበት። የግዛቱ ነዋሪ መሆን ግን ግዴታ አይደለም። ዋናው በምትጫወትበት ሰዓት እግርህ እዚያ መሆኑ ነው። አፑ ያለህበትን ቦታ አጣርቶ ነው የሚያስገባህ። ከላስ ቬጋስ በመኪና ተነስተህ ካሊፎርኒያ ስትገባ ይዘጋብሃል። ደሴ ላይ የጀመርከው ጨዋታ ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ቀጥ እንደማለት ነው።

«ቪፒኤን አለ እኮ» አለኝ፤ ያለህበትን ቦታ የሚደብቀውን አፕ ማለቱ ነው። የሰፈር ልጆች ነግረውት ነው። ቪፒኤን መጠቀምህን ካወቁ አካውንትህን ይዘጋሉ፤ ያስገባኸውን ገንዘብም ሊይዙብህ ይችላሉ። ያኔ ማንን ልትከስ ነው? በቴሌግራም የሚላክልህን ሊንክም አትንካ። ኔቫዳ ስትደርስ የአጫዋቹን ድርጅት ስም ቁማር ከሚቆጣጠረው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ከጌሚንግ ኮንትሮል ቦርድ ዘንድ አጣራ። እስከዚያው ደሴ ሆነህ ለመማር አምስት ሳንቲም አያስፈልግህም።

ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ለየራሳችሁ ሁለት ሁለት ካርታ ይሰጣችኋል። ከዚያ መሃል ላይ የጋራ ካርታ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። ከሰባቱ ምርጡን አምስት የያዘ ይበላል። የደረጃውን ቅደም ተከተል በአንድ ምሽት ሸምድደው። ፍለሽ አምስቱም ካርታ አንድ ምልክት ሲሆን ነው፤ ስትሬት አምስቱ በቁጥር ሲከታተሉ። «ፍለሽ ነው ወይስ ስትሬት የሚበልጠው?» ብለህ የምታስብ ከሆነ ገና ነህ። (ፍለሽ ነው።)

በምን እንጫወት ሲባል የእናቴ የሽምብራ ቆሎ ተገኘ። እናቴ «ቁማር ቤቴ አይገባም» ብላ ነበር። ሽምብራ መሆኑን ስታይ ዝም አለች። 200፣ 200 ፍሬ ቆጥረን ያዝን። አንዷ ፍሬ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ናት። ልጁ ኋላ የሚቀመጥበት ትንሹ ጠረጴዛም እንዲሁ ነው፤ ካርታ ከመታደሉ በፊት የሚከፈለው መነሻ 1 እና 2 ሳንቲም፣ ይዘህ የምትገባው 2 ዶላር።

አንዱን ዙር ልንገራችሁ። አራተኛው የመሃል ካርታ ወጥቷል። ልጁ ለፍለሽ አንድ ካርታ ጎድሎታል። መሃል 20 ሽምብራ አለ። እኔ 10 መደብኩ። ይክፈል ወይስ ይጣል?

ቁጠር፣ አልኩት። የዚያ ምልክት ካርታ 13 ነው። አራቱን አይተሃል፤ ዘጠኝ ቀርቷል። ያላየኸው ካርታ 46 ነው። ከ46 ዘጠኝ ማለት 20 በመቶ አይሞላም። የምትከፍለው ደግሞ 10 ሆኖ ክምሩ 40 ይሆናል፤ አንድ አራተኛውን አንተ ልታወጣ ነው ማለት ነው። 25 በመቶ ከፍለህ 20 በመቶ ዕድል አይገዛም። 5 ብቻ መድቤ ቢሆን ኖሮ ክፈል እልህ ነበር።

ልጁ ከፈለ። ካርታውም መጣለት! ጮቤ ረገጠ። ያን ማታ ሂሳቡ ትክክል፣ እኔ ግን ከሳሪ ሆኜ አደርኩ። የፖከር ክፋቱ ይሄ ነው። ስትሳሳት ይሸልምሃል፣ አንተም ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል።

ሌላውን ትምህርት ያስተማረችው እናቴ ናት። ቡናዋን እየጠጣች ከመሃል ታፍስ ጀመር። ተይ ብንላት አልሰማ ስትል ሕግ አወጣንላት፤ ከየ20ው አንድ ፍሬ። ማታ ስንቆጥር እኔ ጋ 171፣ እሱ ጋ 160 ሆነ። 400 የነበረው 331! ሁለታችንም ከስረናል፤ እናቴ ጠግባለች። ኦንላይን ላይ እናቴን የሚተካው ድርጅቱ ነው። ትንንሽ ጠረጴዛ ላይ ከተሸናነፋችሁበት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ይቆርጣል። ስለዚህ ከጓደኛህ መሻል ብቻ አይበቃም።

ሁለት ሰው ስትሆኑ ብዙ ካርታ ትጫወታላችሁ። ስድስት ሰው ባለበት ግን ከአስሩ ሰባት ስምንቱን ገና ሲሰጥህ ጣል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሁለት ኤስ (ትልቁ ካርታ) በአማካይ በ221 ዙር አንዴ ነው የሚመጣው፤ እሱን ስትጠብቅም አትክረም።

አካውንት ስትከፍት መታወቂያና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠየቃል። ገንዘብ ከማስገባትህ በፊት ከስንት በላይ እንደማታስገባ ገደቡን ወስን፤ ቅንብሩ ውስጥ አለ። 50 ዶላር ይበቃል፤ የቤት ኪራይ ያልሆነ 50። በአንድ ጊዜ ከ2 ዶላር በላይ ይዘህ አትቀመጥ።

እኔ እንዲህ አላደረግኩም። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣ 50ውን በሙሉ ይዤ የ25 እና የ50 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃም አልሞላ። ሁለት ጥንድ ይዤ ሁሉንም ገፋሁት፣ ሰውዬው ፍለሽ ነበረው። ስንት ዓመት ካርታ ያከፋፈልኩ ሴትዮ! ማከፋፈልና መጫወት ይለያያል።

ካሸነፍክ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት እንደ ገቢ ነው የሚያየው። እያንዳንዱን ቀን በደብተር መዝግብ፤ ታክስ ሲደርስ ያስፈልግሃል። ልጁ አሁን ሽምብራውንም ይመዘግባል። አብሽር፣ እየገባህ ነው እለዋለሁ።

ትናንት ማታ ሁለት ኪንግ ይዞ፣ መሃል ኤስ ወጣ። እኔ 30 መደብኩ። ካርታውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሽምብራውን ቆጠረ። ጣለው። ምን ይዤ እንደነበር ሲለምነኝ አደረ፤ እስካሁን አልነገርኩትም።