ፍራፍሬ በቸኮሌት ስትነክሩ የሚያጋጥም ችግር፣ ምክንያቱና መፍትሄው

እንጆሪም ሙዝም ብርቱካንም፣ ያገኛችሁትን ፍራፍሬ የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ነክሮ ማርጋት ነው፣ ኦቨን አይፈልግ ሊጥ አይፈልግ። አሰራሩን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው ስለዚህ ከሀ አልነሳም። ለራሴም ለዘመድ ጎረቤትም ስሰራው ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፣ ከዛ ደግሞ "ተበላሸብኝ ነይ እዪልኝ" እየተባልኩ እጠራለሁ፣ እና ሄጄ የማገኘው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ነው፣ ውሃ። ስለሱ በደንብ እጽፋለሁ፣ ሌላውን አለፍ አለፍ እያልኩ።

ችግር፦ ቸኮሌቱ እየቀለጠ ሳለ ድንገት ጓጉሎ ጭቃ መሰለ

ምልክቱን አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። ቸኮሌቱ ልስልስ ብሎ እያብለጨለጨ ከማንኪያው ላይ እንደ ክር ይወርዳል፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ከዛ ድንገት ማንኪያው እጃችሁ ላይ ይከብዳል፣ ወዙ ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ላይ ፍርፍር ያለ ነገር ይታያል፣ ሁለት ሶስቴ ስታማስሉት ደግሞ ሁሉም ተሰብስቦ ማንኪያው ላይ ይጠቀለላል። ከልስልስ ወደ ጭቃ ለመሄድ አንድ ደቂቃ እንኳን አይፈጅበትም።

ምክንያት፦ ቸኮሌት ሲቀልጥ ፈሳሽ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደረቅ ነው። ደቃቅ ስኳርና ኮኮዋ ነው በኮኮዋ ቅቤ ውስጥ ተበትኖ ያለው፣ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። ጠብታ ውሃ ሲገባበት ስኳሩ ይረጥብና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ኮኮዋውንም ይዞት ይጓጉላል። እርጥብ ማንኪያ የገባበት የስኳር ዕቃ አይታችሁ የለ፣ ድብልብል ብሎ ይጠነክራል አይደል፣ ቸኮሌቱም ውስጥ የሚሆነው እሱ ነው። የሚገርመው ደግሞ ብዙ ውሃ አይደለም የሚያበላሸው፣ ትንሹ ነው።

ውሃው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ "እኔ ውሃ አልጨመርኩም" ይላችኋል ሁሉም። አንዷ ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ጓጎለባትና ቸኮሌቱ ነው መጥፎ ብላ ሌላ አይነት ገዛች፣ ያም ጓጎለ። ሄጄ አጠገቧ ቆሜ ስትሰራ አየሁ። የፈላ ውሃ ድስት ላይ ሳህኑን አስቀመጠች፣ ቸኮሌቱን ከታትፋ ጨመረች፣ እስከዚህ ልክ ነች፣ ከዛ ቶሎ እንዲቀልጥልኝ ብላ ክዳን ከደነችበት። ክዳኑን ሳነሳው ከስሩ በሙሉ አልቦታል፣ ዘንበል ሳደርገው ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሳህኑ ይወርዳል። በቃ ይኸው። የሚቀልጥ ቸኮሌት አይከደንም! ሳህኑም ከድስቱ አፍ ሰፋ ብሎ ግጥም ማለት አለበት፣ አነስ ካለ እንፋሎቱ በጎን እየወጣ ቸኮሌቱ ላይ ይተኛል። ውሃው የሳህኑን ቂጥ እንዳይነካ፣ ድስቱም ውስጥ እየተንተከተከ እንዳይቀጥል፣ እኔ ውሃው ሲፈላ እሳቱን አጠፋና በያዘው ሙቀት ብቻ ነው የማቀልጠው፣ ለ200 ግራም በቂ ነው።

ሁለተኛው ማማሰያ ነው። የእንጨት ማንኪያ ደረቅ መስሏችሁ ውስጡ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ አሁን ታጥቦ ከሆነማ አታስቡት። የላስቲክ ስፓቹላ ወይ የብረት ማንኪያ ተጠቀሙ፣ እሱንም ጥርግ አድርጋችሁ። ሳህኑን ከድስቱ ላይ ስታነሱም ቂጡን በፎጣ ጥረጉት፣ ስታዘነብሉት ከስር ያለው ውሃ በጎን ዞሮ ይገባል።

ሶስተኛው ግን የከፋው ነው ምክንያቱም ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፣ ፍሬው ራሱ። የእህቴ ልጅ ለልደቷ እንጆሪ ስትነክር የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰባቱ እንዴት አምረው ወጡ መሰላችሁ፣ መስታወት። ከዛ ቸኮሌቱ እየወፈረ እየወፈረ ሄደ፣ እሷ በረደ ብላ መልሳ ታሞቃለች፣ ስታሞቀው ይብስበታል፣ አስራ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቸኮሌቱ ፍሬው ላይ የተለጠፈ ጭቃ ሆነ። ያልተነከሩትን አነሳሁና አየኋቸው፣ ላያቸው ደርቋል፣ በሶፍት ጠርጋቸዋለች ልጅቷ። ግን አንዱን ይዤ አረንጓዴ ቅጠሉን ወደ ላይ እጥፍ ሳደርገው ከስሩ ተደብቃ የነበረች ጠብታ ወረደች በፍሬው ጎን እየተንኳለለች። እያንዳንዱ እንጆሪ እንደዛ አንድ አንድ ጠብታ ይዞ ነበር። እሷ ጠብታ ነች እያንዳንዷ ተራ በተራ ሳህኑ ውስጥ ስትገባ የቆየችው።

ስለዚህ እንጆሪ ስታደርቁ ቅጠሉን ገለጥ እያደረጋችሁ አድርቁ። አጥባችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ደረቅ ፎጣ ላይ ሳይነካኩ ደርድራችሁ ቢያንስ አንድ ሰአት አናፍሷቸው። ቅጠሉን አትንቀሉ፣ የተነቀለበት ቦታ ጭማቂ ያነባል። አጥቤ አሁኑኑ ልንከር የሚል ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል፣ እውነቴን ነው፣ ቸኮሌቱም ፍሬውም ነው የሚባክነው።

መፍትሄ፦ አንዴ የጓጎለ ቸኮሌት ለመንከሪያ አይመለስም። ገና መወፈር ሲጀምር፣ ሳይጓጉል ከደረሳችሁበት አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው ዘይት ጨምራችሁ አማስሉት፣ አንዳንዴ ይድናል። ከጓጎለ ግን አትጣሉት፣ እሳትም አትጨምሩበት፣ ተጨማሪ ውሃ ነው የሚፈልገው። አዎ ውሃ ያበላሸውን ውሃ ነው የሚያስተካክለው፣ ስኳሩ ለመጣበቅ የምትበቃው ትንሽ ውሃ ነበረች፣ በደንብ ሲያገኝ ደግሞ ይሟሟል። ለ200 ግራም ቸኮሌት ትኩስ ወተት ወይ ክሬም ወይ የፈላ ውሃ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ እየጨመራችሁ በሀይል ምቱት፣ መጀመሪያ ይብሳል፣ አትደንግጡ፣ አራተኛው አምስተኛው ማንኪያ ላይ ወዙ ይመለስና ልስልስ ያለ ሶስ ይሆናል። ይሄ አይረጋም፣ ጠንካራ ሽፋን አይሰራም፣ ፍሬውን ቆራርጣችሁ ላዩ ላይ አፍስሱበትና በማንኪያ ይበላ። የእህቴ ልጅ ልደት እንደዛ ነው ያለፈው፣ እንግዶቹ ሳህኑን በጣታቸው ነው የጠረጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጓጎለውን ከአዲስ ቸኮሌት ጋር ደባልቄ ላድነው አትበሉ። አዲሱንም ይወስደዋል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ፈሳሽ የምግብ ቀለምና ፈሳሽ ቫኒላ ውስጣቸው ብዙ ጊዜ ውሃ አለ፣ ነጭ ቸኮሌት ላይ ሁለት ጠብታ ቀይ ቀለም አድርጋ ሙሉውን ያጣች አውቃለሁ። በዘይት የተሰራ ወይ የዱቄት ቀለም ካላገኛችሁ ቀለም ይቅርባችሁ።

ችግር፦ ቸኮሌቱ ረጋ ግን ከፍሬው ላይ ይንሸራተታል፣ ስትገምጡት ቅርፊቱ ብቻውን ይላጣል

ያው ውሃ ነው በሌላ በር የገባው። በፍሬውና በቸኮሌቱ መሀል እርጥበት ካለ ቸኮሌቱ የሚይዘው ነገር የለውም። ወይ ፍሬው አልደረቀም፣ ወይ ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው ተነከረ። ቀዝቃዛ ፍሬ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሲወጣ ያልበዋል፣ ብርጭቆ ላይ እንደምታዩት ላብ፣ ስለዚህ አውጥታችሁ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እኩል ይሁን፣ ያላበውን እንደገና ጥረጉ፣ ከዛ ንከሩ። የተቆረጠ ፍሬ ደግሞ ጭማቂው አያቆምም። አናናስ በሶፍት ጫን ጫን እያደረጋችሁ ካደረቃችሁት ይሆናል፣ ግን ወዲያው መበላት አለበት። ሀብሀብ ተዉት። ብርቱካን ግን ስስ ቆዳው ሳይቀደድ ፍልቅቅ አድርጋችሁ ከለያችሁት ከሁሉም የተመቸ ነው፣ ውጪው ደረቅ ነው ውስጡ ጭማቂ፣ ሰው ለምን እንደማይሰራው አይገባኝም።

ችግር፦ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ይሸታል

ተቃጥሏል፣ መዳኛ የለውም፣ ጣሉት። ጥቁሩን ቸኮሌት ከ50 ዲግሪ ብዙ አታሳልፉት፣ የወተቱና ነጩ 45 ላይ ይብቃቸው። ማይክሮዌቭ ከሆነ በግማሽ ሀይል፣ በየ20 ሰከንዱ እያወጣችሁ አማስሉ፣ ሳይቀልጥ ቅርጹን እንደያዘ ውስጡ ሊቃጠል ይችላል፣ በዓይን አትመኑ።

ችግር፦ ረግቶ ፈዘዘ፣ አመድ የመሰለ መስመር አወጣ፣ ስትነኩት ጣት ላይ ይቀልጣል

ቴምፐር አልሆነም፣ ቴምፐር ማለት የቀለጠውን ቸኮሌት እያማሰሉ በልኩ አብርዶ በጥሩ ክሪስታል እንዲረጋ ማድረግ ነው። የኮኮዋ ቅቤ ሲረጋ ስድስት አይነት ክሪስታል መስራት ይችላል፣ እኛ የምንፈልገው አምስተኛውን ነው፣ የሚያብረቀርቀውንና ቀጭ ብሎ የሚሰበረውን። እሱ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጠው፣ ለዛ ነው እጅ ላይ ቆይቶ አፍ ውስጥ የሚሟሟው። ዝም ብሎ ቀልጦ ዝም ብሎ የረጋ ቸኮሌት የማይረቡትን ይደባልቅና ይፈዛል። መብላት ይቻላል፣ ጉዳት የለውም፣ ማማሩ ነው የሚቀረው።

የምሰራው እንዲህ ነው። ከ200 ግራሙ አንድ ሶስተኛውን ደቀቅ አድርጌ ከትፌ ለብቻ አስቀምጣለሁ፣ ቀሪውን አቀልጣለሁ፣ ከድስቱ አውርጄ የሳህኑን ቂጥ ጠርጌ ያስቀመጥኩትን ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ አማስላለሁ። ያልቀለጠው ጥሩ ክሪስታሉን ይዞ ስለሚገባ ሌላውን ያስተምረዋል። ጥቁሩ 31 ወይ 32 ላይ፣ የወተቱ 29 ወይ 30 ላይ፣ ነጩ 28 ወይ 29 ላይ ሲደርስ መንከር ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታዋን ከታችኛው ከንፈራችሁ ስር አስነኩ፣ ሞቅ ካላችሁ ገና ነው፣ ቀዝቀዝ ካላችሁ ደርሷል። ቢላዋ ጫፍ ላይ ቀብታችሁ አምስት ደቂቃ አካባቢ ውስጥ አብረቅርቆ ከረጋ ጀምሩ። ይሄ ሁሉ ካደከማችሁና ዛሬውኑ የሚበላ ከሆነ ነክራችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ አስገቡት፣ በቶሎ ስለሚረጋ መስመሩ አይታይም።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ማሸጊያውን አንብቡ፣ በኮኮዋ ቅቤ ፋንታ የፓልም ወይ ሌላ የአትክልት ስብ የገባበት ቸኮሌት መሳይ አለ። እሱ ቴምፐር አይፈልግም፣ ቀልጦ ይረጋል፣ ያብረቀርቃልም፣ ለስራ ይመቻል ግን አፍ ላይ እንደ ሻማ ነው። ጥሩ እንጆሪ ገዝቶ በሱ መሸፈን ለእኔ ጥፋት ነው።

ችግር፦ ሳይጓጉል ግን ወፍራም ነው፣ ፍሬው ላይ ክምር ይላል

ወይ በርዷል፣ ወይ የኩኪስ ቺፕስ ነው ያቀለጣችሁት። ቺፕስ ኦቨን ውስጥ ቅርጹን እንዲጠብቅ የኮኮዋ ቅቤው አንሶ ይሰራል፣ እና ይወፍራል። ለ200 ግራም አንድ ወይ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት ያቀጥነዋል። የገበታ ቅቤ አይደለም! ውስጡ ውሃ አለው።

ችግር፦ ከስሩ እግር አውጥቶ ወረቀቱ ላይ ይተኛል

አላንጠባጠባችሁትም። አውጡት፣ ነቅነቅ አድርጉት፣ ስሩን የሳህኑ ከንፈር ላይ ጠረግ፣ ከዛ ነው ወረቀት ላይ የሚቀመጠው።

ችግር፦ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ

ፍሬው በጣም ቀዝቃዛ ነበር። ፍሪዘር የገባ ሙዝ ላይ መሰንጠቁ አይቀርም፣ ዘይት ትንሽ ጨምሩበት ሽፋኑ ይለሰልሳል። ሙዝ ያልቀዘቀዘ ከነከራችሁ ደግሞ የቆረጣችሁበት ቦታ ስለሚጠቁር ሙሉ በሙሉ ይሸፈን።

ችግር፦ ማታ አምሮ ያደረው ጠዋት አልቦት፣ ነጭ ነጥብ ጣለ

ፍሪጅ ነው። ሲወጣ ያልበዋል፣ ላቡ የቸኮሌቱን ስኳር ያሟሟና ሲደርቅ ስኳሩ ላዩ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ በጣት ስትነኩት ሻካራ ነው። እንጆሪም ከውስጥ እያነባ ስሩ ይረጥባል። በተነከረበት ቀን ይበላ፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ካላችሁ ለጥቂት ሰአት እዛው ይቀመጥ። የግድ ፍሪጅ ከሆነ ከስሩ ሶፍት አንጥፋችሁ ክዳኑን ሳታጠብቁ አስቀምጡት፣ ሲወጣ አትንኩት፣ ላቡ ራሱ ይድረቅ፣ ብትጠርጉት ወዙ አብሮ ይሄዳል።

ሳህኑ ስር የተረፈውን ቸኮሌት ለሚቀጥለው መንከሪያ አታስቀምጡ፣ የፍሬ ጭማቂ ገብቶበታል። እኔ ትኩስ ወተት እዛው ሳህን ውስጥ አፍስሼ አማስልና እጠጣዋለሁ።